የሁዳዴ ዓሣ

ፉከራ አልወድም። በአገራችን ሰርግ በመጣ፣ ተዝካር በመጣ ቁጥር ጠላ የቀመሰ ሁሉ ብድግ ብሎ የአባቱን ጀግንነት ሲያወራ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ዛሬ ግን እኔም ስለ አንድ ዓሣ ልፎክር ነው። ከመዳፌ የማይበልጥ፣ እሾሁ የበዛ፣ ጨው እንኳ ያልነካው ዓሣ ነበር። የፉከራው ባለቤት ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ ጓደኛዬ ናት። እርሷ ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትናገር ስለሞተች ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ።

ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን ሦስት ጎረቤታሞች ነበርን። ሦስታችንም ትዳር ከያዝን ብዙ አልቆየንም። የሙታንን ስም በየሜዳው ማንሣት ስለማልወድ ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ እርስ በርሳችን በምንጠራራበት ልጥራቸው። አንደኛዋ ጣና ዳር፣ ቆራጣ ነው የተወለደችው። አባቷም ባሏም እስላም ነጋዴዎች ነበሩ። እኛ የቆራጣዋ እንላታለን። ቀጭን፣ ጠይም፣ ከንግግሯ ሣቋ የሚቀድም ሴት ነበረች። ሁለተኛዋን ጿሚቱ እንላታለን፤ እንደ እርሷ ጾም የሚያጠብቅ ካህን እንኳ አላየሁም። ባሏ ጣሊያን ሲገባ «ዱር ቤቴ» ብሎ ጠመንጃውን አንግቶ ወጥቷል። ለሰው የምንናገረው ግን «ለንግድ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ» ብለን ነው። እርሷም ጥቁር ለብሳ ታለቅስለት ነበር። ለቅሶዋ ከልቧ ነው፤ በሕይወት መኖሩን ብታውቅም ነገ እንደሚኖር ማን ነግሯት?

ሦስታችን የማንካፈለው ነገር አልነበረም፤ ከሥጋ በቀር። በአገራችን ክርስቲያን የክርስቲያን እርድ ይበላል፣ እስላም የእስላም። ይህ ጠብ አይደለም፤ ሥርዐት ነው። እኛ ቤት ድግስ ሲኖር ለቆራጣዋ በግ ለብቻው ይቀርብና ባሏ መጥቶ ያርድላታል፣ ድስቱም ለብቻ ነው። እርሷም ቤት ለእኛ እንዲሁ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተን፣ አንዳችን የሌላዋን ልጅ እያጠባን፣ ሥጋ ሲመጣ ግን ገበታችን ሁለት ይሆናል። በሁዳዴ ደግሞ የቆራጣዋ በፊታችን ወተት አፏ አታደርስም ነበር። «ምነው፣ አንቺን ማን ከለከለሽ?» ስንላት «እናንተ እያያችሁኝ አልዋጥ ይለኛል» ትላለች። እኛም በረመዳን ውሃ የምንጠጣው ከእርሷ ተደብቀን ነበር። እንዲህ እየተደባበቅን ነው የተዋደድን።

አንድ ሁዳዴ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ልብስ እናጥባለን ብለን ወደ ሐይቅ ወረድን። እጥበቱ ሰበብ ነው። ልብስማ ከቤታችን ሥር ባለው ወንዝም ይታጠባል። ግን አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፣ በሁዳዴ ሰርግ የለ፣ እርድ የለ፣ ባሎቻችንም ቢሆኑ ሽሮ ሲበሉ ሰንብተው ነገረኝነታቸው ቀንሷል። ዓርብ አጥበን፣ ቅዳሜና እሑድን ሁለቱን ሰንበት ዐርፈን፣ ሰኞ እንመለሳለን ብለን አስፈቀድን። የእኔ ባል «ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብላችሁ ምን ልትሠሩ ነው?» አለኝ። «ቁጭ ልንል ነው» አልሁት።

ሐይቋ ሁለት ተራሮች ትከሻ ለትከሻ በገጠሙበት መካከል የተቀመጠች ትንሽ ውሃ ነበረች። የአካባቢው ሰው ባሕሪቱ ይላታል። ዛሬ ደርቃ ገብስ ይዘራባታል አሉ። በክረምት ትሞላና ወደ ጉማራ ወንዝ ትፈስሳለች፤ ያን ጊዜ ዓሣው ሽቅብ ይወጣባታል። በበጋ ስትጎድል መውጫው ይዘጋበትና እዚያው ይቀራል። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያኔ ለእኔ ውሃ ሁሉ ውሃ ነበር። በጥምቀት ሰው ዳር እስከ ዳር ይሞላታል። በሁዳዴ ግን ከዝንጀሮና ከዳክዬ በቀር የሚጎበኛት የለም። አጎቴ ዳገቱ ላይ ገብስ ያርስ ነበርና ለሰብል ጥበቃ የቀለሳት ጎጆ ነበረችው። አዝመራ ከገባ ጠባቂ ስለማያስፈልግ ባዶዋን ነበረች። እቃችንን ከአህያችን አራግፈን እዚያ አስገባን።

እንደደረስን እግሬን ውሃ ውስጥ ነከርሁና ተቀመጥሁ። ከወዲያ ማዶ የተራራው ጥላ ውሃው ላይ ተኝቷል፤ ነፋሱ የጥድ ሽታ ያመጣል። በሕይወቴ ማንም «ውሃ ቅጂ» ሳይለኝ ውሃ ዳር የተቀመጥሁት ያን ጊዜ ነው። ለካ ውሃ የሚታይም ነገር ኖሯል!

ዓርብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኛ እህል አንቀምስም። የቆራጣዋም አልቀመሰችም። በአገልግሏ ተምር እንዳለ እያወቅሁ «ብዪ እንጂ» ብላት «ርሃብ የሚባል አልተሰማኝም» አለች፤ ሆዷ ግን ሲጮህ ከሩቅ ይሰማል። ከዳርቻው ገባ ያለች፣ ዙሪያዋን ድንጋይ የከበባት ጥልቅ ያልሆነች ቦታ አገኘንና እርሷን ማጠቢያ አደረግናት። እንዶዱ የጿሚቱ ነው። ደርቆ የተወቀጠ፣ አቅማዳ ሙሉ እንዶድ። እርሷ ቆጥባ አታውቅም፤ አረፋው ጉልበታችን ድረስ መጣ። ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ ኩታውን በእግራችን እየረገጥን፣ እየዘፈንን፣ እየተረጫጨን አጠብን። አጥበን ስንጨርስ የእንዶዱን ዝቃጭ ሁሉ እዚያችው ቦታ ደፋነው። ልብሱን ስናሰጣው ቁጥቋጦው ሁሉ ነጭ ለበሰ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጿሚቱ ከጥቅሏ ሥር አንድ የወንድ ጋቢ አወጣች። የማን እንደሆነ አልጠየቅናትም። በዱር ያለው ባሏ በሰው በኩል «ብርድ ገደለኝ» ብሎ ልኮባት ኖሯል።

«ፀሐይ ገባ እኮ። ሰንበት ገባ» አልኋት።

«የእርሱን ሳላጥብ አልተኛም» አለች። ያቺ ሥርዐት በጠብታ እንኳ የማትጥስ ሴት! ድንግዝግዝ እስኪል ድረስ ረገጠችው፣ ጨምቃም አሰጣችው።

በማግሥቱ ጧት ውሃ ልቀዳ ብወርድ፣ ያጠብንባት ቦታ በዓሣ ተሞልታለች። ሆዳቸው ነጭ፣ ሁሉም ገልበጥ ብለው ተንሳፍፈዋል። አንዳንዱ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እንስራዬን ጥዬ ጮኽሁ። ሁለቱም እየሮጡ መጡ። ጿሚቱ ያየችውን ስታይ በጉልበቷ ወደቀች።

«ሰንበት ሽሬ ነው! እግዚኦ! ባሕሩ ተቆጣብኝ!»

እውነቱን ለመናገር እኔም ያመንሁት እርሷን ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ዓሣ መቼ አየን? ከቤታችን ሥር ባለው ወንዝ ዕድሜ ልካችንን በእንዶድ ስናጥብ ያበደ እንቁራሪት እንኳ አላየንም። የቆራጣዋ ግን አንዱን በጭራው ብድግ አድርጋ አየችና ሣቀች።

«ምን ሰንበት አመጣብሽ እቴ! ዓሣው ሰክሯል እንጂ። በኛ አገር ወንዶቹ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ላይ ይበትኑና እንዲህ ሲንሳፈፍ ይለቅሙታል። ያንቺ እንዶድ ነው ያሰከረው።»

«ይበላል?» አልኋት።

«ሆዱን ዘርግፎ፣ አጥቦ፣ በደንብ ጠብሶ ነው።» ከዚያ በእጇ የያዘችውን ዓሣ አገላብጣ አየችው። «ታያላችሁ? ዓሣ አይታረድም። ቢስሚላህም በስመ አብም አይጠየቅበትም። ሦስታችን ከአንድ ገበታ ልንበላው የምንችል ሥጋ ይኸ ብቻ ነበር፤ እርሱም በሁዳዴ መጣ!»

ሣቅን። ጿሚቱ ግን አልሣቀችም፤ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ትሰግድ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ያን ጊዜ ከዳገቱ በኩል የበቅሎ ኮቴ ሰማን። ከመንገዱ በላይ ጣሊያኖች ምሽግ ሠርተው ነበር። ለካ የሚጠጡት ከዚችው ሐይቅ ነው። ጣሊያን የቀጠራቸው ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎች የሚባሉት፣ በበቅሎ በርሜል ጭነው መጡ፤ ከፊታቸው የምሽጉ አዛዥ፣ አጭር ቀይ ጣሊያን፣ ትከሻው ላይ የዓሣ ማጥመጃ ሸንበቆ አጋድሞ ያፏጫል። እርሱም እንደኛው ሰንበቱን ሊያርፍ መምጣቱ ነበር። እኛን ሲያይ ፉጨቱን አቆመና በአስተርጓሚው በኩል «ማን ፈቅዶላችሁ ነው እዚህ የመጣችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ! በአያቶቻችን ውሃ ላይ ለእርሱ ፈቃድ ልንጠይቅ!

ከዚያ ዓሣውን አየ። አረፋውን አየ። ባዶውን አቅማዳ በእግሩ ገልብጦ አሸተተና ሸንበቆውን ወርውሮ «ቬሌኖ! ቬሌኖ!» እያለ ይጮህ ጀመር። አስካሪዎቹ ከበቡን።

አስተርጓሚው የራሳችን አገር ሰው ነበር፤ የለበሰው ኮት የሰው እንደሆነ ትከሻው ይመሰክራል። ዐይኑን ከእኛ አሽሽቶ «ምሽጉ የሚጠጣውን ውሃ መርዛችኋል ነው የሚል» አለ። «የዚህ ቅጣት ስቅላት ነው። እንዶዱ የማን ነው?»

በደብረ ታቦር ገበያ የተሰቀለ ሰው አይተናል። ማስፈራራት እንዳልሆነ እናውቃለን። የጿሚቱን ቤት ፈትሸው የማን ሚስት እንደሆነች ቢደርሱበት ደግሞ መርዙም አያስፈልጋቸውም። ሦስታችንም ተጠጋግተን ቆምን።

ጣሊያኑ ዞር ዞር ሲል ቁጥቋጦው ላይ የተሰጣውን ጋቢ አየ። በሴት ልብስ መካከል ብቻውን የወንድ ነው። «ይኸስ?» አስባለ። ጿሚቱ በጥቁር ልብሷ ውስጥ ድርቅ ብላ ቀረች። ባሏ የሞተባት ሴት ለማን ጋቢ ታጥባለች?

«የባሌ ነው» አለች የቆራጣዋ፣ ምንም ሳይመስላት።

«ባልሽ ማን ነው?»

«ነጋዴ ነው። ጨውና ጥጥ ይነግዳል። እስላም ነን፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቀናል።»

አስተርጓሚው ይህን ሲነግረው የጣሊያኑ ፊት ተለወጠ። ያን ጊዜ ጣሊያን እኛን ከእስላሞቹ ለመለየት ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ድምፁን አለስልሶ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም እያለሰለሰ ተረጎመው።

«መንግሥት የእናንተ ወዳጅ ነው ይልሻል። አንቺን የሚነካሽ የለም። የእንዶዱን ባለቤት በጣትሽ አሳዪና ልብስሽን ሰብስበሽ፣ አህያሽን ነድተሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

የቆራጣዋ ጣሊያኑን አየችው። ከዚያ እኛን አየችን። ያን አስተያየቷን እስካሁን አልረሳሁትም፤ ድግስ ላይ እንግዳ በዝቶ ወጥ ሲያንስ ባለቤቲቱ ጎረቤቷን እንደምታየው ያለ ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባችና ከሚንሳፈፈው አንዱን አነሣች። ቢላዋችንን ከአገልግሉ አወጣች፣ ሆዱን ዘረገፈች፣ ራቅ ብላ በንጹሑ ውሃ ደጋግማ አጠበችው። የጧቱ እሳታችን ገና አልጠፋም፤ ፍሙ ላይ ጣል አደረገችው። ጣሊያኑም አስካሪዎቹም አፋቸውን ከፍተው ይመለከታሉ። ሽታው መጣ። እያገላበጠች፣ ሳትቸኩል ጠበሰችው።

«መርዝ ነው ካላችሁ ይኸው» አለች። ወደ እኛም ዞር ብላ፣ «እናንተ ጹሙ፤ እኔ እበላላችኋለሁ።»

ቢስሚላህ ብላ በላችው። እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ እዚያው ቁጢጥ ብላ፣ ጭንቅላቱን ሳታስቀር መጥጣ ጨረሰችው። እጇንም አለቅልቃ ተነሣች።

ይህም አልበቃውም። ጣሊያኑ ውሃው ዳር ሄዶ በጫማው ጫፍ ሌሎች ሁለት ዓሣዎች ገፍቶ አወጣ።

«ንጹሑን መርጣ ነው የበላችው ይላል» አለ አስተርጓሚው። «እርሱ የመረጠውን ደግሞ ክርስቲያኖቹ ይብሉ ይላል።»

ሁዳዴ ነው። ከተወለድሁ ጀምሮ በሁዳዴ ከጎመንና ከሽሮ፣ ከስልጆና ከተልባ በቀር አፌ የገባ ነገር የለም። ግን አላመነታሁም። ያቺ ሴት ለእኛ ስትል ያልታረደ ሞት በልታለች፤ እኔ ስለ ጾሜ ልከራከር? የቆራጣዋ ሁለቱንም ፍሙ ላይ ጠብሳ አንዱን ሰጠችኝ፤ በላሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ጣፈጠኝ። ሞት ደጃፌ ቆሞ ምላሴ ግን ጣዕም ይለይ ነበር። ሰው መሆን ክፉ ነው።

ተራው የጿሚቱ ሆነ። እርሷ ግን እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«ሰንበት ሽሬ አምላኬን አስቆጣሁ። አሁን ደግሞ ጾም ልሻር? አልበላም። ይስቀሉኝ።»

«አንቺ ሴት፣ ብዪ!» አልኋት። «ብዪ፣ ስለ እናትሽ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከንፈሯን ገጥማ ቀረች። ጣሊያኑ ወደ አስካሪዎቹ አየ፤ አንደኛው ገመድ ከበቅሎው ላይ መፍታት ጀመረ። ያን ጊዜ የቆራጣዋ መጥታ በጿሚቱና በጣሊያኑ መካከል ገባችና ሦስተኛውን ዓሣ ከፍሙ ላይ አነሣች።

«የእርሷን እኔ እበላለሁ» አለች። «ጾም ላይ ናት በለው። ሆዴ ሰፊ ነው፣ የእርሷንም ይችላል በለው።»

አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ተናገረ። እርሷ የተናገረችው አጭር ነው፤ እርሱ ግን ብዙ፣ ብዙ ተናገረ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ላቡ ግን በጉንጩ ይወርድ ነበር። የቆራጣዋ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ዓሣ እየበላች ነው። ጣሊያኑ አያት፣ አያት፣ ከዚያ ዳር ከቆመ አንድ ሾላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ።

«ትሞቱ እንደሆነ እዚሁ ሆኜ አያለሁ ይላል» አለን አስተርጓሚው።

እኛም ተቀመጥን። እንግዲህ ዕረፍት ብለን መጥተን የለ! የቆራጣዋ እኔን ከፊቷ አስቀምጣ ጸጉሬን ፈታችና ሹሩባ ትሠራኝ ጀመር። ስለ ባሎቻችን ታወራለች፣ ስለ አማቷ ታማለች፣ እኔን ታስቀኛለች። የሐይቁ ወለል እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ዳክዬዎቹ ተመልሰዋል። ጣቶቿ ግን በጸጉሬ ውስጥ ይንቀጠቀጡ ነበር። ንዴት ነው ብዬ ነበር።

ፀሐይዋ ከአናታችን አልፋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አልሞትንም። መጀመሪያ የተሸነፉት አስካሪዎቹ ናቸው፤ የጥብሱ ሽታ አፍንጫቸው ውስጥ ገብቶ ሲያቁነጠንጣቸው ውሏል። በመጨረሻ ጣሊያኑ ራሱ ተነሣ። ከኪሱ ጨው አወጣ፣ ዓሣውን ሲዘረግፍና ሲጠብስ የቆራጣዋ እንዳደረገችው አንድም ሳያጎድል አደረገና በላ። አንዱን በላና ሌላ ጨመረ። አስካሪዎቹም የቀረውን ለቅመው በአቅማዳችን ሞሉት። በርሜላቸውን ከወዲያኛው ዳር ሞልተው ጫኑና ጉዞ ጀመሩ፤ ጣሊያኑ ፉጨቱን ቀጠለ። አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረት ብሎ በቁጥቋጦው አጠገብ ሲያልፍ ጋቢውን በእጁ ዳሰስ አደረገው።

«ለባለቤቱ ይድረስ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አሜን» አለች የቆራጣዋ።

እኔ ወዲያው አህያችንን ጭነን እንሽሽ አልሁ። ጿሚቱ ናት እምቢ ያለች። «ነገም ሰንበት ነው። ሁለቱን ሰንበት ልናርፍ ነው የመጣን» አለች። ምሽጉ ከአናታችን እያየን እሑድን እዚያው ዋልን። ገላችንን ታጠብን፣ በስልጆ እንጀራ በላን፣ ተምሩንም ጨረስነው። ያን ዕለት ባሕሪቱ የእኛ ነበረች። ጣሊያን ከተማውን ይያዝ፣ መንገዱን ይያዝ፤ ያን እሑድ ግን አልያዘብንም። ኮርቻለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም።

ያን ቀን ነው የጠየቅኋት። «እንዶድ የነካው ዓሣ ሰው እንደማይገድል ማን ነገረሽ?»

ጠጠር ወደ ውሃው ወረወረች። «ማንም።»

«የብርብራውን አላልሽንም?»

«ብርብራውንማ አውቃለሁ። እንዶዱን ግን መች አውቄ? ወላሂ፣ እኔም እንደናንተ ስጠብቅ ነው የዋልሁ።»

ጣቶቿ ጸጉሬ ውስጥ ለምን እንደተንቀጠቀጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ቁጣም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝና ትከሻዋን በጥፊ መታሁት። «ታዲያ ለምን በላሽ! ልቀቁኝ ብለሽ መሄድ ስትችዪ! ልጅ የለሽም? ባል የለሽም?»

«እናንተ ብትሰቀሉ ከማን ጋር እጾማለሁ?» አለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥታው አታውቅም፤ ሰው ፊት ባነሣው እንኳ ትቆጣኝ ነበር።

ሰኞ ተመለስን። ጋቢው በሦስተኛው ቀን ከባለቤቱ ደረሰ። እኔ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባ፣ በሁዳዴ ዓሣ በላሁ» አልኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እንደጣፈጠኝም አልሸሸግሁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ቀኖናሽ ይኸ ነው» አሉኝ። «እስከ ትንሣኤ ድረስ ለዚያች ሴት እንጨት ተሸክመሽ ታደርሺላታለሽ።»

እንጨቱን ደጃፏ ሳራግፍ የቆራጣዋ ሣቋን መቆጣጠር አቃታት። «አባ ደግ ሰው ናቸው» አለች። «ከእንግዲህ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ዓሣ አበላሻለሁ፤ እንጨት አይቸግረኝ!»

የፋሲካ ዕለት ጧት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የእኔ ቤት ዶሮው ተሠርቶ ገበታው ቀርቧል። ለቆራጣዋም ባሏ ያረደላት ለብቻዋ በሌላ ድስት ተቀምጧል፤ እንደ ወጉ። እርሷ ግን አንድ ነገር በቅጠል ጠቅልላ መጣች። ባሏ ከቆራጣ ያመጣላት የደረቀ ዓሣ ነው፤ በዘይት ጠብሳዋለች። ገበታው መካከል አስቀመጠችውና ምንም ሳትል ተቀመጠች።

ጿሚቱ ሌሊቱን በጸሎት ቆማ ነው የመጣች። ባሌ የዶሮውን ወጥ ቢያቀርብላት በእጇ ገፋ አደረገችው። ከዓሣው አንዱን አንሥታ፣ አማትባ፣ ጾሟን በእርሱ ገደፈች። ከዚያ ሁለተኛውን ቆረሰች፤ እሾሁን አንድ በአንድ ለቅማ አወጣችለት፣ በእንጀራ ጠቀለለችውና ወደ ቆራጣዋ አፍ አስጠጋችው።

«ያኔ የእኔን በልተሽልኛል» አለች። «ይኸ ያንቺ ነው።»

ጎረቤት ሆነው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ጿሚቱ በእጇ ሥጋ አጉርሳት አታውቅም ነበር። የቆራጣዋ አፏን ከፍታ ተቀበለች፤ እያላመጠች እንባዋ ወረደ፣ እያለቀሰችም ትሥቅ ነበር። ከዚያ እርሷ እኔን አጎረሰች፣ እኔም ጿሚቱን። ከአንድ ገበታ በላን። ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ማንም አልነካውም።